የአጋሮች የመከላከያ ወጪ መጋራት

የአጋሮች የመከላከያ ወጪ መጋራት ማለት በአንድ የጦር ቃል ኪዳን ውስጥ ያሉ ሀገራት ለጋራ ደኅንነታቸው የሚያስፈልገውን ገንዘብ፣ ሠራዊትና የጦር መሣሪያ የሚከፋፈሉበት አሠራር፣ እንዲሁም በዚሁ ላይ የሚነሣው ክርክር ነው። በስፋት የሚታወቀው በአሜሪካና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በእርሷ ጥበቃ ሥር በኖሩት ባለጸጋ ሀገራት፣ በተለይም በምዕራብ አውሮፓ፣ በጃፓንና በደቡብ ኮሪያ መካከል ያለው ክርክር ነው። ጥያቄው ባጭሩ «ራሳቸውን የመከላከል ዐቅም ያላቸውን ሀገራት ለመጠበቅ የአሜሪካ ግብር ከፋይ ገንዘብ ማውጣቱን መቀጠል አለበት ወይ?» የሚል ነው። ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ከዶናልድ ትራምፕ ጋር ብቻ ያያይዘዋል፤ ነገር ግን ዕድሜው ከቃል ኪዳኑ ከራሱ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ከተባለው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የትኛው ገንዘብ?

ክርክሩን የሚያወሳስበው ዋናው ነገር «አሜሪካ ለአጋሮቿ የምታወጣው» የሚባለው ገንዘብ አንድ ሒሳብ አለመሆኑ ነው። ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ወጪዎች በአንድ ስም ይጠራሉ።

የመጀመሪያው የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት (ኔቶ) የጋራ በጀት ነው። የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤትና የጋራ ማዘዣ ጣቢያዎች የሚተዳደሩት በዚህ መዋጮ ሲሆን፣ በ2025 መጠኑ 4.6 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ነበር። አባላቱ የሚያዋጡት በኢኮኖሚያቸው ልክ ነው። አሜሪካ ቀድሞ 22 በመቶውን ትሸፍን ነበር፤ በ2019 በተደረሰ ስምምነት ግን ድርሻዋ ወደ 16 በመቶ ገደማ ወርዶ ከጀርመን ጋር እኩል ሆኗል። በምርጫ ቅስቀሳ ላይ «አጋሮቻችን ያልከፈሉት ዕዳ አለባቸው» ሲባል አድማጭ የሚያስበው ይህን መዋጮ ነው፤ ጭቅጭቁ ግን ያለው በዚህ ላይ አይደለም። ለአሜሪካ ይህ መዋጮ ከመከላከያ በጀቷ አንጻር እጅግ ትንሽ ገንዘብ ነው።

ሁለተኛው በአጋር ሀገራት መሬት ላይ የሰፈረውን ጦር የማቆየት ወጪ ነው። በዚህ ረገድ ግልጽ ቁጥር የሚገኘው ከምሥራቅ እስያ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2021 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከ2016 እስከ 2019 ባሉት አራት ዓመታት አሜሪካ በጃፓን ላለው ጦሯ 20.9 ቢሊዮን ዶላር ስትመድብ ጃፓን 12.6 ቢሊዮን ዶላር ሰጥታለች። በደቡብ ኮሪያ ደግሞ የአሜሪካ ወጪ 13.4 ቢሊዮን፣ የኮሪያ ድርሻ 5.8 ቢሊዮን ዶላር ነበር። እነዚህን ቁጥሮች ሲያነብቡ አንድ ነገር መዘንጋት አይገባም፤ ወታደሩ የትም ቢሰፍር ደመወዙ አይቀርም። አንድ ብርጌድ ከጀርመን ተነሥቶ ቴክሳስ ቢገባ ግምጃ ቤቱ የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ እንዲያውም በአዲሱ ሥፍራ ካምፕና የቤተሰብ መኖሪያ መሥራት ያስፈልጋል። ዋናው ቁጠባ የሚገኘው ብርጌዱ ሲበተን ብቻ ነው፤ ይህን የሚጠይቅ ፖለቲከኛ ደግሞ ብዙ የለም።

ሦስተኛውና ትልቁ እያንዳንዱ ሀገር ለራሱ ጦር የሚያወጣው በጀት ነው። ታዋቂው የ2 በመቶ መለኪያ የሚመለከተው ይህንን ነው። አንድ አባል ሀገር ከአጠቃላይ የሀገር ውስጥ ምርቱ 2 በመቶውን ለመከላከያ ያውል ማለት ለአሜሪካም ሆነ ለኔቶ ይክፈል ማለት አይደለም፤ ገንዘቡ በራሱ ሀገር፣ በራሱ ሠራዊት ላይ ይውላል። የቃል ኪዳኑ አባላት ለመከላከያ ከሚያወጡት ጠቅላላ ገንዘብ ከግማሽ በላዩ የአሜሪካ ነው። ይሁንና የአሜሪካ በጀት የፓስፊክ መርከቦችን፣ የመካከለኛው ምሥራቅ ሰፈሮችንና የኑክሌር መሣሪያውን ጭምር የሚሸከም በመሆኑ ሁሉንም በአውሮፓ ስም መመዝገብ ትክክል አይሆንም።

መለኪያው ራሱም ጉድለት አለበት። ግሪክ ለብዙ ዓመታት ከ2 በመቶ በላይ ስታወጣ የኖረችው ከሁሉ በላይ የቃል ኪዳን ባልደረባዋን ቱርክን እየሠጋች ነው። ዴንማርክ በአንጻሩ ከመለኪያው በታች በነበረችበት ጊዜ ጦሯን ወደ አፍጋኒስታን ሄልማንድ ግዛት ልካ ከ40 በላይ ወታደሮች ሞተውባታል፤ ከሕዝቧ ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ከሁሉም የከፋ ጉዳት ከደረሰባቸው ሀገራት አንዷ ናት። በመቶኛ የሚሰላ መለኪያ ይህንን አይቆጥርም።

አጀማመሩ

ኔቶ በ12 ሀገራት ሚያዝያ 4 ቀን 1949 በዋሽንግተን ሲመሠረት በውሉ ላይ ሁለት ሐሳቦች ጎን ለጎን ተጽፈዋል። አንቀጽ 5 በአንዱ ላይ የሚደርስ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደደረሰ ይቆጠራል ይላል። ብዙ ጊዜ የማይጠቀሰው አንቀጽ 3 ደግሞ እያንዳንዱ አባል ጥቃትን የመመከት የራሱን ዐቅም እንዲያዳብር ያስገድዳል። የወጪ ክርክሩ ሁሉ በእነዚህ ሁለት አንቀጾች መካከል የሚደረግ ነው።

የመጀመሪያው የኔቶ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ጄኔራል ድዋይት አይዘንሃወር በ1951 በጻፉት ደብዳቤ፣ በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ የአሜሪካ ወታደሮች ከአውሮፓ ወደ ሀገራቸው ካልተመለሱ ዕቅዱ እንደከሸፈ ይቆጠራል ብለው ነበር። አሥሩ ዓመት ሲሞላ አይዘንሃወር ሁለት የፕሬዚዳንትነት ዘመን ጨርሰዋል፤ ወታደሮቹ ግን እዚያው ነበሩ።

በ1960ዎቹ ጉዳዩን ያጋጋለው የወርቅ ጥያቄ ነው። በዚያን ዘመን ዶላር በወርቅ ይለወጥ ስለነበር፣ በጀርመን የሰፈሩት ወታደሮች የሚያወጡት ዶላር በጀርመን ባንክ ተከማችቶ የአሜሪካን የወርቅ ክምችት ያሠጋ ጀመር። ስለዚህ ከ1961 ጀምሮ ምዕራብ ጀርመን ለዚህ ማካካሻ የሚሆን የጦር መሣሪያ ከአሜሪካ እንድትገዛ ተስማማች። በ1966 ቻንስለር ሉድቪግ ኤርሃርድ የሀገራቸው በጀት ስለጠበበ ክፍያው እንዲቀልላቸው ዋሽንግተን ድረስ ሄደው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰንን ለመኑ፤ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ ጥምር መንግሥታቸው በበጀት ጠብ ፈረሰ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ሥልጣን ለቀቁ። የማካካሻ ክፍያው ለውድቀታቸው ብቸኛ ምክንያት ባይሆንም፣ የጥበቃ ዋጋ የአጋርን መንግሥት እስከማናጋት እንደሚደርስ የታየበት አጋጣሚ ነው። በቀጣዩ ዓመት የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ የያዘውን ዶላር በወርቅ አልለውጥም ብሎ በጽሑፍ ቃል ገባ። ጥበቃው በዚህ መንገድ ተከፈለ ማለት ነው፤ ነገር ግን በማንም የመከላከያ በጀት ላይ አልተመዘገበም።

በአሜሪካ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የዴሞክራቶች መሪ የነበሩት ማይክ ማንስፊልድ በአውሮፓ ያለው 300,000 ገደማ ጦር በግማሽ እንዲቀነስ በ1971 ያቀረቡት ሐሳብ በ61 ለ36 ድምፅ ወደቀ። ማንስፊልድ የቬትናም ጦርነት ያዳከመው ኢኮኖሚ የበለጸገ አውሮፓን ሊሸከም አይገባም ባይ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የተነሡት ተከራካሪዎች በመሠረቱ የእርሳቸውን ሐሳብ ነው የደገሙት።

የመንደሩ ዘበኛ

በ1966 ኢኮኖሚስቶቹ ማንኩር ኦልሰንና ሪቻርድ ዜክሃውዘር የጦር ቃል ኪዳኖችን በኢኮኖሚ ትንታኔ የሚመረምር ጽሑፍ አሳተሙ። ከሐሳባቸው ጋር የሚሄድ ምሳሌ እንዲህ ነው። በአንድ መንደር ሰፊ ግቢና ብዙ ንብረት ያለው ሰው ለራሱ ሲል የሌሊት ዘበኛ ይቀጥራል። ዘበኛው ሌባውን ከመንደሩ ካራቀ ጎረቤቶቹም በሰላም ያድራሉ። ስለዚህ ሌላ ዘበኛ ለመቅጠር አይቸኩሉም፤ አዋጡ ቢባሉም የሚሰጡት ጥቂት ነው። ባለሀብቱም ጎረቤቶቼ አልከፈሉም ብሎ ዘበኛውን አያሰናብትም፤ ሌባ ቢመጣ መጀመሪያ የሚጎዳው እርሱ ነውና። ሁለቱ ምሁራን የኔቶን አባላት ወጪ ሲመረምሩ በእርግጥም ትልልቆቹ ኢኮኖሚዎች ከገቢያቸው ከፍ ያለ ድርሻ ሲያወጡ አገኙ። ትንንሾቹ ትልቁን ይበዘብዛሉ የሚለው ድምዳሜ የመጣው ከዚህ ነው።

ትንታኔው ጥፋቱን ከአጋሮቹ ጠባይ ላይ አንሥቶ በአሠራሩ ላይ ያደርገዋል። አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል። ዘበኛውን የቀጠረው ሰው ዘበኛው የት እንደሚቆም፣ ማንን እንደሚያስገባና ማንን እንደሚመልስ የሚያዘው እርሱ ነው። የጦር አዛዡ ሁልጊዜ አሜሪካዊ መሆኑ፣ አጋሮቹ የሚገዙት መሣሪያ በብዛት የአሜሪካ መሆኑና በንግድና በገንዘብ ድርድር ላይ የዋሽንግተን ቃል ክብደት ማግኘቱ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ፈረንሳይ ይህን ቀድማ ተረድታለች። ሻርል ደ ጎል አሜሪካ ለፓሪስ ስትል ኒውዮርክን ለአደጋ ታጋልጣለች ብለው አላመኑም፤ ፈረንሳይም በ1960 የራሷን የኑክሌር ቦምብ ሞከረች፣ በ1966 ከጋራ የጦር ዕዙ ወጣች። የኔቶ ዋና መሥሪያ ቤት ከፓሪስ ወደ ብራስልስ የተዛወረው በዚህ ምክንያት ነው።

ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ

የጃፓን ሁኔታ ከአውሮፓ ይለያል። በአሜሪካ የወረራ አስተዳደር ጊዜ የወጣው የ1947ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ጦርነትን የሚከለክል ነው። የጃፓን መንግሥት በ1976 የመከላከያ ወጪውን በ1 በመቶ ገደበ። ስለዚህ ጃፓን ለምን ብዙ አታወጣም የሚለው ጥያቄ ግማሽ መልሱ ራሷ አሜሪካ ባስረቀቀችው ሕግ ውስጥ ይገኛል። ከ1978 ጀምሮ ቶኪዮ ለአሜሪካ ጦር ሰፈሮች መብራትና ውሃ፣ ለጃፓናውያን ሠራተኞች ደመወዝ የሚሆን ወጪ ትሸፍናለች፤ ሕዝቡ «የርኅራኄ በጀት» ይለዋል። ከ2022 እስከ 2026 ያለው ስምምነት በዓመት 211 ቢሊዮን የን ገደማ ነው።

ገንዘብ ብቻውን ምስጋና እንደማያስገኝ ጃፓን የተማረችው በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ነው። ለዚያ ጦርነት 13 ቢሊዮን ዶላር ብትሰጥም ወታደር ስላላከች፣ ነጻ የወጣችው ኩዌት በአሜሪካ ጋዜጣ ባወጣችው የምስጋና ማስታወቂያ ላይ ስሟ አልተጠቀሰም። ይህ ነገር በጃፓን ፖለቲከኞች ዘንድ እስከ ዛሬ ይነሣል። በቀጣዩ ዓመት ወታደሮቿን ለሰላም ማስከበር ወደ ውጭ የሚያስልክ ሕግ አወጣች፤ በ2011 ደግሞ የመጀመሪያውን የውጭ ሀገር ቋሚ ሰፈሯን በኢትዮጵያ ጎረቤት በጅቡቲ ከፈተች። በ2022 መጨረሻ መከላከያዋን እስከ 2027 ወደ 2 በመቶ ለማድረስ ወስናለች።

ደቡብ ኮሪያ ከ1953ቱ የመከላከያ ውል ወዲህ የአሜሪካን ጦር ስታስተናግድ ኖራለች፤ የዛሬው ቁጥር 28,500 ገደማ ነው። ከ1991 ጀምሮ የወጪ ድርሻዋን በየጊዜው በሚታደስ ስምምነት ትከፍላለች። በትራምፕ የመጀመሪያ ዘመን ዋሽንግተን በዓመት እስከ 5 ቢሊዮን ዶላር ስትጠይቅ ድርድሩ ቆመ፤ በ2020 በሺዎች የሚቆጠሩ ኮሪያውያን የሰፈር ሠራተኞች ያለደመወዝ ከሥራ ታግደው ነበር። በ2021 በ1.18 ትሪሊዮን ዎን ተስማሙ። ከሴኡል በስተደቡብ ያለው የካምፕ ሃምፍሪስ ሰፈር የማስፋፊያ ወጪም 90 በመቶ ገደማው በኮሪያ መንግሥት መሸፈኑ ይነገራል።

በኮሪያ ምድር የኢትዮጵያም ድርሻ አለ። የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ዘምቶ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን በዚያ ተሠውተዋል። በዚያን ጊዜ ኮሪያ ድሃ ሀገር ነበረች። ዛሬ ደግሞ ታንክና መድፍ ለፖላንድ ትሸጣለች፤ ከ2022 ወዲህ ራሱ የአሜሪካ ጥበቃ ያልተለየው አንዱ አጋር ሌላውን አጋር እያስታጠቀ ነው። የሰፈር ኪራይ አቅጣጫው ምን ያህል እንደተገለበጠም በኢትዮጵያ ታሪክ ይታያል። አሜሪካ በአሥመራ የቃኘው ጣቢያን ለ25 ዓመት ለመጠቀም በ1953 ስትዋዋል ሰፈሩን የምትፈልገው እርሷ ስለነበረች፣ በምላሹ የኢትዮጵያን ጦር ለማሠልጠንና ለማስታጠቅ ተስማምታለች። በዚያን ዘመን «ከፋይ ማን ይሁን?» የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ማን ማንን የበለጠ ይፈልጋል በሚለው ነበር። ጣቢያው በ1977 ተዘጋ።

«ይቁም» እና «ይቀጥል»

ጥበቃው ይቁም ወይም ይቀነስ ከሚሉት ምሁራን ታዋቂው ባሪ ፖዘን ናቸው። ፖዘን እንደሚሉት የአሜሪካ ዋስትና ለሀብታሞች የሚሰጥ ድጎማ ነው፤ አጋሮቹ ያተረፉትን ለጤና መድንና ለጡረታ ያውላሉ። ይህ ሐሳብ በተራው ሕዝብ ዘንድ ጉልበት ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2024 በጀት ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ለዕዳው ወለድ የከፈለው ለመከላከያ ካዋለው በልጧል። የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ሮበርት ጌትስም በ2011 ብራስልስ ላይ ቃል ኪዳኑ በዚህ አካሄድ የወደፊት ዕጣው የጨለመ እንደሚሆን አስጠንቅቀዋል። ባራክ ኦባማም ሳይከፍሉ የሚጠቀሙ አጋሮች እንደሚያበሳጯቸው በ2016 በግልጽ ተናግረዋል። አነጋገራቸው ከትራምፕ የለዘበ ቢሆንም ቅሬታው ያው ነው።

በሌላ ወገን ስቲቨን ብሩክስ፣ ጆን አይከንቤሪና ዊልያም ዎልፎርዝ ጥበቃው ከሚያስወጣው ይልቅ የሚያስገኘው እንደሚበልጥ ይከራከራሉ። ከሚጠቅሷቸው አንዱ የኑክሌር መሣሪያ መስፋፋት ነው። ደቡብ ኮሪያ በ1970ዎቹ የጀመረችውን የቦምብ ዕቅድ የተወችው በአሜሪካ ግፊትና ዋስትና ነው፤ ዛሬም በሕዝብ አስተያየት ጥናቶች አብዛኛው ኮሪያዊ የራሳችን ቦምብ ይኑረን ይላል። ሌላው የሰፈሮቹ አገልግሎት ነው። በጀርመን የራምሽታይን አየር ማረፊያና የላንድሽቱል ሆስፒታል የኢራቅና የአፍጋኒስታን ቁስለኞችን ተቀብለዋል። በአፍሪካ ያለውን የአሜሪካ ወታደራዊ እንቅስቃሴ፣ ሶማሊያን ጨምሮ፣ የሚመራው የአፍሪካ ዕዝ መቀመጫም በአፍሪካ ሳይሆን በጀርመን ሽቱትጋርት ከተማ ነው። እነዚህ ሰፈሮች ጀርመንን ብቻ እየጠበቁ ነው ማለት ይከብዳል።

አንቀጽ 5 በታሪኩ ሥራ ላይ የዋለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ ለአሜሪካ ሲባል ነበር። በተከተለው የአፍጋኒስታን ጦርነት ብሪታንያ ብቻዋን ከ450 በላይ፣ ካናዳ ከ150 በላይ ወታደሮች አጥተዋል። በዶላር ብቻ የሚሠራ ሒሳብ ላይ ይህ የት እንደሚገባ እስካሁን የተስማማ የለም።

ከዩክሬን ጦርነት ወዲህ

በ2014 ሩሲያ ክሪሚያን በያዘች ጊዜ አባላቱ በዌልስ ባደረጉት ጉባኤ በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 2 በመቶ ለመቅረብ ቃል ገቡ። ያን ጊዜ መለኪያውን ያሟሉት ሦስት ብቻ ነበሩ። ከየካቲት 2022 ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። ጀርመን የ100 ቢሊዮን ዩሮ ልዩ ገንዘብ መደበች፣ በ2025ም የመከላከያ ወጪን ከሕገ መንግሥታዊው የብድር ገደብ የሚያላቅቅ ማሻሻያ አጸደቀች። ፖላንድ ከ4 በመቶ አለፈች። ለዘመናት ገለልተኛ የነበሩት ፊንላንድና ስዊድን አባል ሆኑ። አውሮፓን ያነቃት የሞስኮ ታንክ ነው ወይስ የዋሽንግተን ዛቻ የሚለው ያከራክራል፤ ትራምፕ በየካቲት 2024 በደቡብ ካሮላይና የምርጫ ስብሰባ ላይ ባልከፈለ አጋር ላይ ሩሲያ የፈለገችውን እንድታደርግ እንደሚያበረታቱ መናገራቸው በብዙ የአውሮፓ ዋና ከተሞች ድንጋጤ ፈጥሯል። የአሜሪካ ምክር ቤት ግን ከዚያ በፊት በታኅሣሥ 2023 አንድ ፕሬዚዳንት ብቻውን ሀገሪቱን ከኔቶ እንዳያስወጣ የሚከለክል ሕግ አውጥቶ ነበር።

በሰኔ 2025 በሄግ በተደረገው ጉባኤ አባላቱ እስከ 2035 ድረስ 5 በመቶ ለማውጣት ተስማሙ፤ 3.5 በመቶው ለዋናው የመከላከያ ሥራ፣ 1.5 በመቶው ለመንገድ፣ ለድልድይ፣ ለሳይበር ጥበቃና ለመሳሰሉት ነው። የስፔን ጠቅላይ ሚኒስትር ፔድሮ ሳንቼዝ ሀገራቸው ከዚህ ባነሰ ወጪ ግዴታዋን እንደምትወጣ ገልጸው ተቃውመዋል።

አውሮፓ ብዙ መክፈል ስትጀምር ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተከተለ፤ ገንዘቡ የማንን ፋብሪካ ይጥቀም? የአውሮፓ ኅብረት የጦር መሣሪያው ከአውሮፓ እንዲገዛ ሲገፋፋ፣ ዋሽንግተን የራሷ ኩባንያዎች ከገበያው እንዳይገፉ ትሟገታለች። ፕሬዚዳንት ኤማኑኤል ማክሮን በመጋቢት 2025 የፈረንሳይ የኑክሌር ኃይል ለሌሎች አውሮፓውያን ጥበቃ ሊሆን ስለሚችልበት መንገድ ውይይት ከፍተዋል። በዚያው ዓመት ትራምፕ የዴንማርክ ግዛት የሆነችውን ግሪንላንድ አሜሪካ መያዝ አለባት ማለታቸው፣ በአፍጋኒስታን ወታደሮቿ በሞቱባት ሀገር ዘንድ የዋስትናውን ዋጋ እንደገና አስመርምሯል። በሄግ የተገባው የ5 በመቶ ቃል አፈጻጸም በ2029 ይገመገማል።